እዝነ ልቡና፦ ታሪክን እየሰሙ የውስጥን ድምፅ መለየት

(ለሰበካ ጉባኤያትና ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



በመርሐ ግብሩ ላይ እንደምታዩት ለእኔ የተሰጠው ርእስ የፕሮጀክት ዕቅድ አዘገጃጀት የሚል ነው። አዘጋጆቹን አስፈቅጄ ግን የጠዋቱን ሰዓት ለሌላ ጉዳይ ልጠቀምበት ነው። ቅጹን ከቀትር በኋላ አብረን እንሞላዋለን። አሁን የምናገረው ቅጹ ከመሞላቱ በፊት በሰው ልብ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር፣ አባቶቻችን «እዝነ ልቡና» ብለው ስለሚጠሩት የልብ ጆሮ ነው። ይህን የምናገረው በዚህ ነገር ስለ በቃሁ አይደለም። ጆሮዬ ተደፍኖ ስለ ነበረ፣ የመደፈኑንም ዋጋ የከፈሉት ሌሎች ስለሆኑ ነው። ወደዚያ ታሪክ እደርሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ አንድ ወጣት ልናገር።

ጥር 22 ቀን በዓሉን የምናከብረው አባ እንጦንስ በግብፅ የተወለደ፣ ወላጆቹ መሬትና ሀብት ትተውለት የሞቱ፣ አንዲት ታናሽ እኅት የነበረችው ወጣት ነበር። አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌል ይነበባል። የሚነበበውም ጌታችን ለዚያ ባለጸጋ ጎልማሳ ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ ያለበት ክፍል ነበር። ገድሉን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ እንደሚነግረን ወጣቱ ቃሉ ለእርሱ ብቻ የተነበበ ያህል ሆኖ ተሰማው፤ ወጥቶም መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን የወጣቱ መስማት ብቻ አይደለም። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዚያ ቀን ብዙ ሕዝብ ነበረ። ንባቡ ለሁሉም አንድ ነበር፤ አንባቢውም አንድ ነበር። ምናልባት ያ አንባቢ ዲያቆን ራሱ የዕለቱን ተራ ጨርሶ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ቤቱ ሄዶ ይሆናል። እኔ ዲያቆን ስለሆንኩ ስለ እርሱ አብዝቼ አስባለሁ።

እንደምናውቀው በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ የማይነበብበት ቀን የለም። ስንክሳሩ በዐሥራ ሦስቱም ወራት ለእያንዳንዱ ዕለት የቅዱሳንን ዜና ይዞ ይጠብቀናል። ተአምረ ማርያም ይነበባል፤ ገድላት ይነበባሉ፤ ድርሳናት ይነበባሉ። ይህን ያህል ታሪክ የሚሰማ ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ራሳችንን እንመርምር። ስንክሳሩ ሲነበብ ምን እናደርጋለን? አንዱ መቋሚያውን ያስተካክላል፣ አንዱ ስለ ዝክሩ ጠላ ያስባል፣ እኔን የመሰለው ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ስለሚጠብቀው የመስክ ጉዞ ያሰላስላል። የቅዱሱ ታሪክ በጆሯችን ገብቶ በጆሯችን ይወጣል። ታሪኩ እኛን ይጠይቀን ዘንድ ጊዜ አንሰጠውም።

ታሪክ ሰውን የሚጠይቅበትን መንገድ ከነቢዩ ናታን በላይ ያሳየን የለም። ዳዊት በኦርዮ ላይ ያደረገውን ታስታውሳላችሁ። ኃጢአቱን ሸፍኖ ወራት አልፈውታል፤ በፍርድ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሌሎችን ይዳኛል። ናታን ሲመጣ በቀጥታ አልወቀሰውም። ብዙ በጎች ስላሉት ባለጠጋና አንዲት ጠቦት ብቻ ስለ ነበረችው ድሃ ነገረው። ዳዊት ተቆጣ፤ ፈረደም። ፍርዱም ትክክል ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል፤ የዳዊት ሕሊና አልሞተም ነበር። ለሌላው ሰው በደል ንቁ ነበር፤ የተኛው ለራሱ በደል ብቻ ነው። ታሪኩ በፊት ለፊት በር አልገባም፤ በዚያ ዘበኛ ቆሟልና። ዳዊት ባልጠበቀው በጓሮ በር ገብቶ የተኛውን ቀሰቀሰው። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ የንስሐው ጸሎት ተቀምጦልን ዛሬም የምንጸልየው ያ ታሪክ ስለ ተነገረ፣ ንጉሡም እስኪጨርስ ስላዳመጠ ነው።

አሁን ወደ እኔ ታሪክ ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሥራው አዲስ በነበርኩበት ጊዜ፣ በአንድ ደጋማ አጥቢያ የምንጭ ማጎልበት ሥራ እንዳስፈጽም ተመደብኩ። የአጥቢያውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። በዚያ አካባቢ ሁለት ምንጮች ነበሩ። አንደኛው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከመኪናው መንገድ አጠገብ ይገኛል። ሁለተኛው በዳገቱ ላይ የአርባ ደቂቃ የእግር መንገድ ያስኬዳል። በጥቅምት ወር ሄጄ ለካሁ። የታችኛው ምንጭ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ25 ሰከንድ ሞላ። የላይኛው ግን እንደ ቀጭን ገመድ ነበር፤ ጀሪካኑን ለመሙላት አራት ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ስሚንቶና አሸዋ ወደ ላይ ለማውጣት መኪና አይደርስም፤ ቧንቧውም ይረዝማል። የበጀት ዓመቱ እየተገባደደ ነበር። ማንም ቢሆን የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

በዚያው ቀን ከኮሚቴው ጋር ተሰብስበን ስንጨርስ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በትንሽ ጎጆ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት መነኩሲት ቡና ጠርተውኝ ገባሁ። የተጠበሰ ሽንብራ ሰጡኝና «ልጄ፣ ተረት ላውራህ?» አሉኝ። እኔም ስለ አክብሮታቸው እሺ አልኩ።

የነገሩኝ እንዲህ የሚል ነበር። አንዲት እናት ሁለት ልጆች ነበሯት። ታናሹ ደስታ ባለበት ሁሉ ቀድሞ ይገኛል፤ ሰርግ ሲሆን ሙክት ጎትቶ፣ ጠጅ አስጭኖ ይመጣል። እናትም በጎረቤት ፊት ልጅ ማለት እንዲህ ነው ትላለች። ታላቁ ዝምተኛና እጁ ያጠረ ነው፤ ሲመጣም በቅል ጥቂት ውኃ ይዞ ይመጣል። እርሷም ታፍርበታለች። ከዕለታት አንድ ቀን እናት በበጋ ታመመች። ወደ ታናሹ ሰው ብትልክ በሩ ተዘግቶ ተገኘ። ታላቁ ግን እንደ ወትሮው ቅሉን ይዞ መጣ። እማሆይ እዚህ ላይ አቆሙና «ለመሆኑ ልጄ፣ ያችን እናት የሚጦራት የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ታላቁ ነዋ፣ እማሆይ» አልኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሾፌሩ እየጠበቀ ነበር። ተባርኬ ወጣሁ።

የመለስኩት መልስ ትክክል ነበር፤ ዳዊት የፈረደው ፍርድ ትክክል እንደ ነበረ ሁሉ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ድምፅ ሰማሁ አልልም፤ ራእይም አላየሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ በውስጤ ቀስ ብሎ ይመላለስ ነበር፦ በጥቅምት ለካህ፣ በሚያዝያስ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የምንጭ ምሁር መሆን አያስፈልግም። የምንጭ መጠን የሚለካው ክረምቱ ካለፈ ከብዙ ወራት በኋላ፣ በበጋው መጨረሻ መሆን እንዳለበት ተምሬአለሁ፤ በማስታወሻ ደብተሬም ተጽፎ ነበር። እኔ ግን ለጥያቄው መልስ አዘጋጀሁለት። በጀቱ ይመለሳል፣ ሪፖርቱ ይዘገያል፣ ኮሚቴው ተስማምቷል አልኩት። ዝም አልል ሲለኝ ተነሥቼ ጸለይኩ። አባቶቼ ሆይ፣ ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ያን ሌሊት ረጅም ጸሎት የጸለይኩት ያንን ጥያቄ ላለመስማት ነበር። በጸሎትም ጆሮን መድፈን እንደሚቻል ያን ቀን አወቅሁ።

ሥራው ተፈጸመ። ቦኖው ተመረቀ፤ በስሚንቶው ላይ ዓመተ ምሕረቱ ተጻፈ። ፎቶግራፍ ተነሣን። እስከ ጥር ድረስ ውኃው ይንፎለፎል ነበር። በመጋቢት ቀነሰ፤ በሚያዝያ ጀሪካን ለመሙላት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚጠይቅ ሆነ። እናቶች ወደ ዳገቱ ተመለሱ፤ ያ ቀጭን ገመድ በጥቅምት በነበረበት መጠን እየፈሰሰ ነበር። ነገር ግን አልታጠረም፣ አልተከደነም፤ ከብቱም እዚያው ይጠጣል። በዚያ ወቅት ስንት ሕፃናት በተቅማጥ ታመው እንደ መጡ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ነገረችኝ። ቁጥሩን ከዚህ መድረክ አልጠራውም።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ስግደት ወይም ጾም ያዙኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሁሉንም ከሰሙኝ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ሂድና እማሆይ ተረቱን እንደገና እንዲነግሩህ ለምናቸው» አሉኝ። ሌላ ቀኖና ሳይጨምሩ አሰናበቱኝ።

ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። እርሳቸውም ምንም ሳይወቅሱኝ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩኝ። በዚህኛው ጊዜ ግን መጨረሻው ላይ ያልሰማሁት ነገር ነበረበት። እናትዮዋ ታላቁን ልጅ ይቅር በለኝ ስትለው እርሱ «ውኃው ሳይሞቅ ጠጪ» አላት። ምናልባት በመጀመሪያውም ቀን ይህንኑ ሊነግሩኝ ነበር፤ ሰዓቴን ሳይ አይተው ተዉት ይሆናል። «እማሆይ፣ ያኔ ለምን በግልጽ አልነገሩኝም?» አልኳቸው። እርሳቸውም «በግልጽ ብነግርህ ትከራከረኝ ነበር። አንተ የተማርክ ነህ፤ እኔ ክርክር አልችልም። ተረትን ግን ሰው አይከራከረውም፤ ወይ ይሰማዋል ወይ ይተወዋል» አሉኝ።

ይህን ካልኩ በኋላ በእናንተ ልብ የሚነሣውን ጥያቄ አውቃለሁ፤ በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ቄስ በግልጽ ጠይቀውኛልና። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ከአሮጊቶች ተረት እንዲርቅ አላስጠነቀቀውምን? በእርግጥ አስጠንቅቆታል። እኔም ያንን ማስጠንቀቂያ ለማላላት አልመጣሁም። ቅዱስ መጽሐፍ በራሱ ማዕርግ ይቀመጣል፤ ገድልና ስንክሳር በማዕርጋቸው ይቀመጣሉ፤ ተረትም ከእነዚህ ሁሉ በታች በጎጆ ውስጥ፣ በእሳት ዳር ቦታው አለ። ተረት ሃይማኖት አያስተምርም፤ ትምህርተ ሃይማኖትን በተረት የሚተካ ሐዋርያው የተናገረው ሰው ነው። ነገር ግን ጌታችን ስለ ዘሪው፣ ስለ ጠፋችው ድሪም፣ በመንገድ ዳር ስለ ወደቀው መንገደኛ በምሳሌ ተናግሯል። በምሳሌውም መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ፍርዱን ለሰሚው ይተዋል። ለቆሰለው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማነው ብሎ የጠየቀው የሕግ አዋቂውን ነው፤ የሕግ አዋቂውም ራሱ መለሰ። እኛም በልጅነታችን «ተረቴን መልሱ» እየተባልን አድገናል። ተረት ነጋሪው መልስ ይጠብቃል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው የተለየ ዕድል አለው። ቅኔ ቤት የገባችሁ አባቶች የእኔን ያህል ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም፤ ለሌሎቻችን ግን ልናገር። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ከጓደኞቹ ይለያል። ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ፣ ሰው በማይደርስበት ብቻውን ተቀምጦ ምሥጢሩን ይፈልጋል። ሰሙንም ወርቁንም ከውስጡ ያወጣል፤ ማንም አይነግረውም። ማታ ግን ያገኘውን ይዞ ወደ የኔታ ይቀርባል፤ ይነግራቸዋል። እርሳቸውም ያቀናሉ፣ ያርማሉ፣ አንዳንዴም ያገኘውን ሁሉ በአንዲት ቃል ያፈርሱበታል። ቀን ብቻውን ያልተቀመጠ ተማሪ ማታ የሚነግረው የለውም። ማታ ለየኔታ የማይነግር ደግሞ ስሕተቱን ምሥጢር አድርጎ ይኖራል። ስለ ውስጥ ድምፅ ከዚህ የበለጠ ትምህርት እኔ አላገኘሁም።

ብላቴናው ሳሙኤልም እንዲሁ ነበር። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስት ጊዜ ወደ ኤሊ ሮጠ። ድምፁን በትክክል ሰምቷል፤ የማን እንደሆነ ግን አላወቀም። ያሳወቀው ኤሊ ነው፤ ያውም ዓይኑ የፈዘዘው፣ ልጆቹን መገሠጽ ያቃተው ኤሊ። እግዚአብሔር ለሽማግሌው ሳይሆን ለልጁ ተናገረ፤ ልጁ ግን ያለ ሽማግሌው መስማት አልቻለም። ብዙ ጊዜ ስብከታችን እዚህ ላይ ያበቃል። የሚቀጥለውን ጠዋት ግን ልብ በሉ። ሳሙኤል የሰማው ቃል በኤሊ ቤት ላይ የሚመጣ ፍርድ ስለ ነበረ ለመናገር ፈራ። ኤሊም ምንም እንዳይሸሽገው አስምሎ ጠየቀው፤ ከሰማም በኋላ ልጁን አልተቆጣም። በየስብሰባው በሊቀ መንበርነት የምንቀመጥ ሁሉ ይህን ጠዋት ብናስብ መልካም ነው። በእኛ ላይ የተባለውን ነገር ከታናሾቻችን አፍ ለመስማት ጠይቀን እናውቃለን?

እንግዲህ በውስጣችን የሚመላለስ ሐሳብ ሁሉ የእግዚአብሔር ድምፅ አይደለም። መጽሐፈ መነኮሳት የሚባሉት ሦስቱ መጻሕፍት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ይህን ያህል የደከሙት ሰው በሐሳቡ እንዳይታለል ነው። እኔም በሥራዬ ያየሁት አለ። በአንድ አጥቢያ የጉድጓድ ቦታ ስንመርጥ አንድ ሰው ተነሥቶ ውኃው ያለበት ቦታ በሕልሜ ታይቶኛል አለ። ሁላችንም በአክብሮት ተከትለነው ሄድን። ያሳየን ቦታ የገዛ ማሳው ዳር ነበር። ካህኑ ፈገግ ብለው «ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ደግሞ የጎረቤትህን ማሳ እንዲያሳይህ ጸልይ» አሉት። ሰውየውም አብሮን ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ ካህኑ የተጠቀሙበት መለኪያ እውነተኛ ነው። ለእኔ ጥቅም ብቻ የሚናገር ድምፅ መጠርጠር አለበት። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ዋሻ ሳለ ታላቅ ነፋስ፣ የምድር መናወጥ፣ እሳትም አለፉ፤ እግዚአብሔር በእነዚያ አልነበረም። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ትንሽ የዝምታ ድምፅ ኤልያስን አላሞገሰውም፤ በዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ ጠየቀው እንጂ። ከዚያም በዋሻው እንዲቀመጥ አልፈቀደለትም። ወደ መጣበት መንገድ ተመለስ፣ እገሌንና እገሌን ቅባ፣ ኤልሳዕንም በአንተ ፈንታ ነቢይ አድርግ አለው። ብቻዬን ቀርቻለሁ ላለውም ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ነገረው። እኔ የምንጩን ጥያቄ ያን ሌሊት መርምሬው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አገኝበት ነበር። አላሞገሰኝም፤ ጠየቀኝ። ወደ ዳገቱ መልሶ ሊልከኝ ፈለገ። ዋጋ ያስከፍለኝ ነበር፤ ለእኔ የሚያተርፍልኝ ነገር አልነበረውም። ለንስሐ አባቴ ወይም ለአጥቢያው ካህን ያን ዕለት ማታ ብነግራቸው ኖሮ በአንዲት ቃል ያቀኑልኝ ነበር። እኔ ግን የቆጠርኩትን ሳልነግር አደርኩ።

በቅርቡ ተአምረ ማርያም ሲነበብ የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንደገና ሰማሁ። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ ልመናን ሁሉ የናቀ ሰው፣ ስለ እመቤታችን ስም ብሎ ለአንድ ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ያችም ጥርኝ በሚዛን ላይ ከበደች። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያነሣው ትንሽ በጎ ሥራ ትበቃለች ለማለት ነው። እኔ ግን የውኃ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ዓይኔ የሚያርፈው በለምጻሙ ላይ ነው። በልዩ ልዩ ስም ለመነ፤ አልተሰማም። ልመናውን አልተወም፤ በዚያ ደንዳና ልብ ውስጥ ያልሞተውን አንድ ቦታ እስኪያገኝ ደጋገመ። እማሆይም ሁለት ጊዜ ነገሩኝ።

አሁን በምንሠራባቸው ቦታዎች ጥቂት ነገር ለውጠናል። ቦታ ከመመረጡ በፊት በሚደረገው ስብሰባ ካህኑ የዕለቱን ስንክሳር ያነባሉ፤ ረጅም ከሆነ ከፊሉን። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት ሦስት ጊዜ በልብ የሚደገምበትን ያህል ዝም እንላለን። መጀመሪያ ላይ ይህ ዝምታ ከባድ ነበር፤ ሰው ይስላል፣ ስልክ ይጮኻል፣ አንዱም ጉዳዩ ተዘጋ ብሎ ተነሥቶ ሊወጣ ነበር። ቀጥሎ አረጋውያኑን፣ ከእነርሱም እናቶችን አስቀድመን ስለ ቦታው የሚያውቁትን እንዲያወሩልን እንለምናለን። «ስንት ሊትር ይፈሳል?» ብለን አንጠይቅም፤ ያንን እኛው እንለካዋለን፣ በሚያዝያ። የምንጠይቀው «በሰባ ሰባቱ ድርቅ የትኛው ምንጭ አልከዳችሁም?» ብለን ነው። ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ በቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ብታዩ! ዝም ብለው የተቀመጡ እናቶች ቀና ይላሉ። ማን በየትኛው ሸለቆ እንደ ወረደ፣ ማን ቅሉን ለማን እንዳካፈለ፣ ማንም እንዳልተመለሰ ይናገራሉ። ያለቀሱም አሉ። ከዚህ ጋር የመጣ መረጃ በእኛ ቅጽ ላይ የትኛውም ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ በጀርባው እጽፈዋለሁ። ገምጋሚዎች አንዳንዴ ይህ ምንድነው ይሉኛል።

ውሳኔውንም በዚያው ቀን አንወስንም። ሁሉም ወደ ቤቱ ሄዶ አንድ ሌሊት ያድርበታል፤ ልቡ ያልረጋ ሰው ካለ ለካህኑ ወይም ለኮሚቴው ይነግራል። ይህ ሥራ ያዘገያል የሚል ወቀሳ ደርሶብኛል። በእርግጥ አንድ ቀን ያዘገያል።

የላይኛው ምንጭ ከሁለት ዓመት በኋላ ታጥሮ ተከድኗል። ስሚንቶውን ምዕመናኑ በአህያና በትከሻ አወጡት፤ እኔም ሁለት ከረጢት ተሸክሜአለሁ፤ አንዱን በመንገድ ላይ ሌላ ሰው ተቀበለኝ። የታችኛው ቦኖ ከነዓመተ ምሕረቱ እስከ ዛሬ ቆሟል። እስከ ጥር ድረስ ይሰጣል፤ ለልብስ ማጠቢያ ይጠቀሙበታል። እማሆይ የላይኛው ምንጭ ሲመረቅ ዳገቱን መውጣት ስላልቻሉ በቅል ተቀድቶ ወረደላቸው። ካህኑ ባርከው ሰጧቸው። እርሳቸውም ቅሉን ወደ እኔ ዘርግተው «ሳይሞቅ» አሉኝ።

አሁን ወደ ምሳ ከመሄዳችን በፊት አንድ ሥራ እንሠራለን። እያንዳንዳችሁ ከጎናችሁ ካለው ከሌላ አጥቢያ ከመጣ ሰው ጋር ተጣመሩ። አንዱ ስለ አጥቢያው ውኃ፣ ወይም ስለ ደኑ፣ ወይም ስለ መቃብሩ አንድ የሰማውን ታሪክ ይንገር፤ ሌላው እስኪጨርስ አያቋርጠው፣ ማስታወሻም አይያዝ። ከዚያ ተለዋወጡ። ከጨረሳችሁ በኋላ ጥቂት ዝም በሉ፤ ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ። ከቀትር በኋላ ቅጹን ስትሞሉ ከሰማችሁት ውስጥ አልለቅ ያላችሁን ነገር በጀርባው ላይ ጻፉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።